አንድ ድምፅ፣ ብዙ ፊደል
የሞክሼ ፊደላት ታሪክ
(ለመሠረተ ትምህርት በራድዮ የተነገረ፤ ለአዲስ አንባቢዎች የታተመ)

  ከሥራ የተመለሳችሁም፣ ቡና አፍልታችሁ የተሰበሰባችሁም፣ ወደ ራድዮኑ ጠጋ በሉ። ደብተርና እርሳስ ያላችሁ አውጡ። ይህን ንግግር በወረቀት ላይ የምታነቡትም ጣታችሁን በመስመሩ ላይ እያስኬዳችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። የሚያጣድፋችሁ የለም።

የዛሬው ንግግራችን ስለ ፊደል ነው። ፊደል ቆጥሮ የጨረሰ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። «ሀ፣ ሐ፣ ኀ ሦስቱም ሲጠሩ አንድ ናቸው። ታዲያ ለምን ሦስት ሆኑ? አንዱ አይበቃም ነበር ወይ?» ይላል። ጥያቄው የሰነፍ ጥያቄ አይደለም። ሊቃውንትም ብዙ ዘመን የተከራከሩበት ጥያቄ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «እንዲሁ ነው፤ በቃላችሁ ያዙት» የሚል ነው። እኛ ግን ዛሬ «እንዲሁ ነው» አንልም። ነገሩ ታሪክ አለው። ታሪኩን ያወቀ ሰው ፊደሉን አይፈራም።

ሞክሼ ማለት ምን ማለት ነው?

ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ «ሞክሼ!» ይባባላሉ። በቡለን ገበያ ሁለት ከበደዎች ቢገናኙ ሞክሼዎች ናቸው። ስማቸው አንድ ነው፤ መልካቸውና ቤታቸው ግን ለየብቻ ነው። ፊደሎችም እንደዚሁ ናቸው። መልካቸው የተለያየ ሆኖ ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደሎች «ሞክሼ ፊደላት» ይባላሉ።

እንቁጠራቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ሞክሼዎች ናቸው። ሠና ሰ ሞክሼዎች ናቸው። አና ዐ ሞክሼዎች ናቸው። ጸና ፀ ሞክሼዎች ናቸው። በድምሩ አራት ቤተሰብ፣ ዘጠኝ ፊደል ማለት ነው።

የድሮ መምህራን ተማሪው እንዳይምታታበት ለእያንዳንዱ ቅጽል ስም አውጥተውለታል። ስሙም ፊደሉ ከሚገኝበት ቃል የተወሰደ ነው። ሀ «ሃሌታው ሀ» ይባላል፤ ሃሌ ሉያ የሚጻፈው በእሱ ነውና። ሐ «ሐመሩ ሐ» ይባላል፤ ሐመር በግዕዝ መርከብ ማለት ነው። ኀ «ብዙኃኑ ኀ» ነው፤ ብዙኃን ማለት ብዙዎች ማለት ነው። ሠ «ንጉሡ ሠ»፣ ሰ «እሳቱ ሰ» ይባላሉ። አ «አልፋው አ»፣ ዐ «ዐይኑ ዐ» ናቸው። ጸ «ጸሎቱ ጸ»፣ ፀ «ፀሐዩ ፀ» ናቸው። እነዚህን ቅጽል ስሞች የያዘ ሰው በጽሑፍ ቤት ሲነጋገር አይቸገርም። «በየትኛው ሰ ልጻፈው?» ሲሉት «በንጉሡ ሠ» ብሎ ይመልሳል።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የአማርኛ ዋና ፊደል 33 መስመር አለው። እያንዳንዱ መስመር 7 ቤት አለው። 33 በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። ከየቤተሰቡ አንድ አንድ ፊደል ብቻ ብናስቀር 5 መስመር ይቀነሳል። 5 በ7 ሲባዛ 35 ነው። ስለዚህ ከ231 ሆሄ ውስጥ 35ቱ ዛሬ በአማርኛ የራሳቸው ድምፅ የላቸውም። ሌላ ሆሄ የያዘውን ድምፅ ነው የሚደግሙት።

ጆሮ የማይለየው

እስቲ አንድ ቃል ስሙኝ። «ሳለ»። ምን ማለት ነው? አንዱ «ሥዕል ሣለ ማለት ነው» ይላል። ሌላው «ጉንፋን ይዞት ሳለ ማለት ነው» ይላል። ሦስተኛው «ቢላዋውን ሳለ ማለት ነው» ይላል። ሦስቱም እውነታቸውን ነው። አራተኛም አለ። አንዲት እናት ልጃቸው እንዲድን «ተሳሉ» እንላለን፤ ስእለት ገቡ ማለታችን ነው። ጆሯችን አንድ ነገር ብቻ ይሰማል። ነገሩ ግን አራት ነው።

በጥንቱ በግዕዝ እነዚህ አራት ቃላት አይመሳሰሉም ነበር። እዩአቸው።

ሠዐለ — ሥዕል ሠራ ማለት ነው።
ሰዐለ — አሳለው፣ ጉሮሮውን ከረከረው ማለት ነው።
ሰሐለ — ስለት አወጣ፣ ሞረደ ማለት ነው።
ሰአለ — ለመነ፣ ጠየቀ ማለት ነው። ስእለት የመጣው ከዚህ ነው።

ልብ በሉ። አንደኛው የተጻፈው በንጉሡ ሠና በዐይኑ ዐ ነው። ሁለተኛው በእሳቱ ሰና በዐይኑ ዐ ነው። ሦስተኛው በእሳቱ ሰና በሐመሩ ሐ ነው። አራተኛው በእሳቱ ሰና በአልፋው አ ነው። አራት ቃል፣ አራት አጻጻፍ። ፊደሎቹ እንዲሁ ለጌጥ የተደረደሩ አይደሉም ማለት ነው። በዘመናቸው ሥራ ነበራቸው።

ሌላም ምሳሌ አለ። በግዕዝ ሠረቀ ማለት ወጣ፣ ብርሃን ፈነጠቀ ማለት ነው። ፀሐይ የምትወጣበትን አቅጣጫ ምሥራቅ ያልነው ከዚህ ተነሥተን ነው። ሰረቀ ግን የሌባ ሥራ ነው። በጆሮ ብቻ የሚሄድ ሰው ፀሐይን ሌባ ሊያደርጋት ነው!

ዓመት በዐይኑ ዐ ራብዕ ሲጻፍ 12 ወሩ ከነጳጉሜው ነው። አመት በአልፋው አ ሲጻፍ በግዕዝ ሴት አገልጋይ ማለት ነው። ስለዚህ አመተ ሥላሴ የምትባል ሴት የሥላሴ አገልጋይ ናት እንጂ የሥላሴ ዓመት አይደለችም። በየደብዳቤው ላይ «ዓ.ም.» ብለን የምንጽፈውም «ዓመተ ምሕረት» ሲያጥር ነው።

ምሕረት ካልን ዘንድ ይህንንም ጨምሩ። መሐረ በሐመሩ ሐ ይቅር አለ ማለት ነው። ምሕረትና መሐሪ ከዚህ ይወጣሉ። መሀረ በሃሌታው ሀ አስተማረ ማለት ነው። ትምህርት፣ መምህርና ምሁር ከዚህ ይወጣሉ። ምሕረትና ትምህርት ለጆሮ ቅርብ ዘመዳሞች ይመስላሉ። በሥራቸው ግን አይዛመዱም።

ድሮ ድምፃቸው ምን ነበር?

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። ፊደላችን የተወለደው ለአማርኛ አይደለም። የተወለደው ለግዕዝ ነው። የግዕዝ ፊደል ደግሞ ከደቡብ ዐረብ ፊደል ጋር የተዛመደ ነው። በአክሱም ዘመን ነገሥታቱ በድንጋይ ላይ ያስጽፉ ነበር። በ4ኛው መቶ ዓመት በነገሠው በዒዛና ዘመን ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር ታየ። ከዚያ በፊት ፊደሉ ሀ፣ ለ፣ ሐ እያለ አንድ አንድ መልክ ብቻ ነበረው። በዒዛና ዘመን ግን እንደ ዛሬው ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ እያለ እየተለዋወጠ መጻፍ ጀመረ። ዛሬ «ቤት» የምንለው ማለት ነው።

ግዕዝ ያኔ የሰው የአፍ ቋንቋ ነበር። እናት ለልጇ የምትናገረው፣ ነጋዴ የሚከራከርበት ቋንቋ ነበር። 26 ዋና ፊደል ነበረው። ለእያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ፊደል ነበረው። ሞክሼ የሚባል ነገር አልነበረም።

«ታዲያ ሦስቱ ሀ እንዴት እንዴት ይጠሩ ነበር?» ትሉኝ ይሆናል። ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአሶሳ በኩል ያላችሁ፣ ቁርአን የቀራችሁ፣ ዐረብኛ የምትሰሙ አድማጮች መልሱ በአፋችሁ ነው። ሦስት ስም ጥሩ። ሃሩን፣ ሐሰን፣ ኻሊድ። የሃሩን መነሻ ቀላል ትንፋሽ ነው። እሱ ሃሌታው ሀ ነው። የሐሰን መነሻ ከጉሮሮ ተጨምቆ ይወጣል። እሱ ሐመሩ ሐ ነው። የኻሊድ መነሻ ጉሮሮን ፈግፍጎ ይወጣል። እሱ ብዙኃኑ ኀ ነው። ዐረብኛና ግዕዝ ዘመዳሞች ስለሆኑ ዐረብኛ የያዘው ልዩነት ግዕዝ የነበረውን ያሳየናል።

ትግርኛ ተናጋሪዎችም ምስክር ይሆናሉ። በትግርኛ የሐመሩ ሐና የዐይኑ ዐ የጉሮሮ ድምፅ እስከ ዛሬ ሕያው ነው። ትግርኛ የሚናገር ሰው «ዓይኒ» ሲል ከአማርኛው «ዐይን» ጋር አስተያዩት። የጉሮሮው ድምፅ በጉልህ ይሰማል። ስለዚህ ዐን ከፊደል እናውጣ ብንል ለአማርኛ ይቀል ይሆናል፤ ለትግርኛ ግን ቋንቋውን መቁረጥ ይሆናል።

ንጉሡ ሠና ፀሐዩ ፀም የራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። ሊቃውንት እንደሚሉት ሁለቱ ትንፋሽ በምላስ ጎን በኩል እየወጣ የሚነገሩ ድምፆች ነበሩ። ዛሬ ግን እነዚያን ድምፆች በአማርኛም፣ በግዕዝ ንባብም አንሰማቸውም።

ድምፁ ሄደ፣ ፊደሉ ቀረ

የሰው አንደበት ከትውልድ ወደ ትውልድ ይለዋወጣል። አያት የሚናገረውን የልጅ ልጅ እንዳለ አይናገረውም። ግዕዝ ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት የአፍ ቋንቋነቱን እየተወ መጣ። በቤተ ክርስቲያንና በመጻሕፍት ግን ቀጠለ። አማርኛ የሚናገሩ ሰዎች ግዕዙን ሲያነቡ በአማርኛ አንደበታቸው አነበቡት። በአማርኛ ሦስቱ ሀ አንድ ሆነዋል። ሁለቱ ሰ አንድ ሆነዋል። ሁለቱ አም፣ ሁለቱ ጸም አንድ ሆነዋል። እንግዲህ የግዕዙ ንባብም ልዩነቱን አጣ።

ያኔ ማተሚያ ቤት አልነበረም። መጽሐፍ የሚባዛው በእጅ፣ በብራና ላይ ነው። ጸሐፊው የሚገለብጠውን አንብቦ፣ ቃሉን በልቡ ይዞ ይጽፈዋል። በልቡ የያዘው ድምፁን ነው። ድምፁ አንድ ከሆነ ደግሞ እጁ ከሁለቱ ፊደል አንዱን ያነሣል። በዚህ መንገድ በአንድ መጽሐፍ «ሠ» የነበረው በሌላው «ሰ» ሆኖ ተገኘ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች መሀይም አልነበሩም። ዕድሜያቸውን በጽሕፈት ያሳለፉ የብራና ጸሐፊዎች ነበሩ። ዛሬ እናንተን የሚያምታታው ነገር እነሱንም አምታቷል።

አማርኛ ራሱ መቼ ተጻፈ? እስከ ዛሬ ከተገኙት የአማርኛ ጽሑፎች ሁሉ ቀደምቶቹ በ14ኛው መቶ ዓመት ለነበረው ለንጉሥ ዐምደ ጽዮን ክብር የተገጠሙ የውዳሴ ግጥሞች ናቸው። አማርኛ መጻፍ ሲጀምር ፊደሉን ከግዕዝ ወረሰ። ግን ችግር አጋጠመው። በግዕዝ የሌሉ፣ በአማርኛ ግን ያሉ ድምፆች ነበሩ። ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ። ምን ተደረገ? በነባሩ ፊደል ላይ ምልክት ተጨመረበት። ሰ ምልክት ተደርጎለት ሸ ሆነ። ተ ቸ ሆነ። ነ ኘ ሆነ። ደ ጀ ሆነ። እንዲህ እየተባለ 7 ፊደል ተጨመረ። 26 ሲደመር 7፣ 33 ሆነ።

አያችሁ? ለአዲሶቹ ድምፆች አዲስ ፊደል ተሠራላቸው። ድምፃቸው የሞተባቸው ፊደሎች ግን አልተነሡም። እንደ ውርስ ዕቃ በቤት ተቀመጡ። የሞክሼ ፊደላት ታሪክ በአጭሩ ይኸው ነው። ድምፁ ሄደ፣ ፊደሉ ቀረ።

የእንግሊዞችም ቤት እንዲሁ ነው

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ ነገር አይምሰላችሁ። ልጆቻችሁ በትምህርት ቤት የሚማሩት እንግሊዝኛ ከእኛ የባሰ ነው። በእንግሊዝኛ «ሲ» ሲሉ ባሕርም ነው፣ ማየትም ነው። «ሳን» ሲሉ ፀሐይም ነው፣ ወንድ ልጅም ነው። ሲነገሩ አንድ ናቸው። ሲጻፉ ግን ይለያያሉ።

«ናይት» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። አንደኛው ናይት ሌሊት ነው። ሁለተኛው ናይት ደግሞ በድሮ ዘመን በፈረስ የሚዋጋ ባለ ማዕርግ የጦር ሰው ነው። ሁለተኛው ሲጻፍ ከፊቱ «ኬ» የሚባል ፊደል ይጨመርበታል። ያ ፊደል ዛሬ አይነበብም። ታዲያ ማን አስገባው? ድሮ ይነበብ ስለነበረ ነው። ከ600 ዓመት በፊት የነበረ እንግሊዛዊ ያንን ቃል ሲጠራ «ክኒኅት» ወደሚል የተጠጋ ድምፅ ያወጣ ነበር። በመካከሉ ደግሞ ብዙኃኑን ኀ የመሰለ ድምፅ ነበረው። እንግሊዞችም ያንን ድምፅ አጡት፤ ፊደሎቹን ግን እስከ ዛሬ ይጽፏቸዋል። የእኛና የእነሱ ታሪክ እንዴት እንደተገጣጠመ አያችሁ?

አንድ ልዩነት ግን አለ። በእንግሊዝ አገር ማተሚያ የገባው በ1476 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ከዚያ በኋላ ማተሚያ ቤቶችና መዝገበ ቃላት እያደር የየቃሉን አጻጻፍ አጸኑት። ዛሬ አንድ ቃል በአብዛኛው አንድ አጻጻፍ ብቻ አለው። በእኛ አገር ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ። ጋዜጣና መጽሐፍ በዛ። ነገር ግን ለሞክሼ ፊደላት ሁሉም የሚከተለው አንድ አጻጻፍ አልጸናም።

ምሳሌ ልስጣችሁ። «አዲስ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። በ1933 ዓ.ም. የተጀመረው ጋዜጣ «አዲስ ዘመን» ተብሎ በአልፋው አ ተጻፈ። በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ግን ስሙ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ነው፤ በዐይኑ ዐ። ከእሱ በፊት በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ደግሞ በስሙ መጨረሻ «ሐዲስ» ይላል፤ በሐመሩ ሐ። ግዕዙ ሐዲስ ነው። ያ የጉሮሮ ሐ በአማርኛ አንደበት ላልቶ አ ሆነ። ሦስቱም የተማሩ ሰዎች እጅ ሥራ ናቸው።

ይቀነስ ወይስ ይቆይ?

«እንግዲያው ትርፉ ፊደል ይውጣ» ያሉ ሰዎች ተነሡ። ያለ ምክንያት አልተነሡም። አንደኛው ምክንያት የጽሕፈት መኪና ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል 26 ነው፤ በመኪናው ላይ በቀላሉ ይደረደራል። የእኛ 231 ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለማዘጋጀት ሲደክሙ ይህ ችግር ፊታቸው ቆሞ ነበር። ሁለተኛው ምክንያት የተማሪው ድካም ነው። ፊደሉ ባነሰ ቁጥር የሚማረው ሰው ቶሎ ማንበብ ይችላል ተባለ። ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የፊደል ማሻሻያ ሐሳብ ካቀረቡት ሰዎች አንዱ ነበሩ።

«የለም፣ ይቆይ» ያሉም ነበሩ። አለቃ ኪዳነ ወልድና ደስታ ተክለ ወልድ ፊደሉ እንደ ሥሩ እንዲጻፍ የሚፈልጉ ሊቃውንት ነበሩ። ነገሩን በቀላሉ ስናየው እንዲህ ነው። ፊደሉ የቃሉን ዘር ይናገራል። ሥዕልና ስእለትን በአንድ ፊደል ብንጽፋቸው የትመጣቸው ይጠፋል። ግዕዝ ለመማር የሚፈልግ ልጅም መንገዱ ይረዝምበታል። ትግርኛም እነዚህን ፊደሎች ይፈልጋቸዋል።

በ1960ዎቹ አጋማሽ የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ ተቋቋመ። በኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ተባለ። ይህ አካዳሚ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነገሩን አጥንቶ ለአማርኛ አንድ ድምፅ በአንድ ፊደል ይጻፍ የሚል ሐሳብ አቀረበ። አንዳንድ ጸሐፊዎች ተከተሉት። ሌሎቹ በነባሩ ቀጠሉ። ስለዚህ እስከ ዛሬ በአንድ ቀን የወጡ ሁለት ጋዜጦች አንዱ «ህዝብ»፣ አንዱ «ሕዝብ» ብለው ቢጽፉ ይህ ልማድ ነው። ከሁለቱ አንዱ መሀይም ነው ማለት አይደለም።

የቡለን አንባቢ

አሁን ወደ ቡለን እንመለስ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ያኔ የቡለን አካባቢ በጎጃም ክፍለ ሀገር፣ በመተከል አውራጃ ውስጥ ነበረ። በዘመቻው እያደር 15 ቋንቋዎች መማሪያ ሆኑ። ሁሉም የተጻፉት በዚሁ በግዕዝ ፊደል ነው። የሽናሻና የጉምዝ ቋንቋዎች ግን ከ15ቱ ውስጥ አልነበሩም። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ፊደል የቆጠረ ጎልማሳ ከአፍ መፍቻው ውጭ በሆነው በአማርኛ ነው ያነበበው።

ይህን ድካም አስቡት። የሽናሻ ሕዝብ ራሱን ቦሮ፣ ቋንቋውን ቦርና ይለዋል። ቦርና የካፋ ቋንቋ ዘመድ ነው እንጂ የግዕዝ ዘመድ አይደለም። ጉምዝኛም ሌላ ቤተሰብ ነው። አፉን በግዕዝ የፈታ ሰው ዛሬ የለም፤ አማርኛ ተናጋሪው ግን ቢያንስ «ምሕረት»ንና «ትምህርት»ን ከልጅነቱ ሰምቷቸው አድጓል። የቡለኑ ጎልማሳ ቃሉንም፣ ፊደሉንም፣ የፊደሉንም ሞክሼ በአንድ ጊዜ ነው የተሸከመው። እንዲህ ተምሮ ደብዳቤ ያነበበ ሰው አንድ ሐ በሀ ቢተካ ምን ነውር አለበት?

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። ቡለን በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን ውስጥ ናት። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ሽናሻና ጉምዝ ቋንቋዎች ደግሞ በላቲን ፊደል መጻፍ ጀምረዋል፤ ለልጆችም በትምህርት ቤት ይሰጣሉ። በአዲስ መልክ የተዘጋጀ አጻጻፍ የሞተ ድምፅ ስለማይሸከም ሞክሼ አያስቸግረውም። እንግዲህ በአንድ ቤት ውስጥ እናት በግዕዝ ፊደል፣ ልጅ በላቲን ፊደል ሊያነቡ ይችላሉ። ልጁ እንግሊዝኛ ሲማር «ናይት» ያስቸግረዋል። እናቱ አማርኛ ስትጽፍ «ፀሐይ» ያስቸግራታል። አንዱ ለሌላው ይንገር። የሁለቱ ችግር አንድ ነው።

ስማችሁን ያዙ

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ነገር ደርሰናል። በተራ ቃል ላይ ፊደል ቢለዋወጥ ጉዳቱ ትንሽ ነው። በስም ላይ ቢለዋወጥ ግን ጉዳት ያመጣል።

እንበል ዓለም ፀሐይ የምትባል ሴት አለች። ስሟን ስንት ዓይነት አድርጎ መጻፍ ይቻላል? የመጀመሪያውን ድምፅ በአ፣ በኣ፣ በዐ ወይም በዓ መጻፍ ይቻላል። 4 ዓይነት ሆነ። «ፀ»ን በፀ ወይም በጸ መጻፍ ይቻላል። 2 ዓይነት ሆነ። «ሐ»ን በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ መጻፍ ይቻላል። 6 ዓይነት ሆነ። 4 በ2 ሲባዛ 8፤ 8 በ6 ሲባዛ 48 ይሆናል። አንዲት ሴት፣ አንድ ስም፣ 48 አጻጻፍ! ሁሉም ሲነበቡ አንድ ናቸው።

እንግዲህ በመሬት ይዞታ ደብተሯ ላይ «ዓለም ፀሐይ» ተብሏል እንበል። በባንክ ደብተሯ ላይ «አለም ጸሀይ» ተብሏል። ጸሐፊው ሰው ከሆነ አንብቦ «ያው ነው» ሊል ይችላል። ኮምፒዩተር ግን ጆሮ የለውም። ለእሱ ሐ አንድ ምልክት ነው፣ ሀ ሌላ ምልክት ነው። «የለም» ሊል ይችላል። ሴትዮዋ የውርስ ጉዳይ ሲገጥማት፣ ወይም ገንዘብ ሲላክላት «አንድ ሰው መሆንሽን አስረጂ» ልትባል ነው። ምስክር ፍለጋ፣ ደብዳቤ ልመና፣ ምልልስ ይመጣል። ከአክሱም ዘመን ጀምሮ የመጣ የፊደል ታሪክ በአንዲት ገበሬ ደብተር ላይ ዕዳ ሆኖ ተቀመጠ ማለት ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን አድርጉ።

አንደኛ፣ የስማችሁን አንድ አጻጻፍ ምረጡ። የአባታችሁንና የአያታችሁንም ስም ጨምሩ። ቀድሞ የወጣ ዋና ሰነድ ካላችሁ የእሱን አጻጻፍ ያዙ።

ሁለተኛ፣ በትንሽ ወረቀት ላይ በጉልህ ጻፉትና ከመታወቂያችሁ ጋር አስቀምጡ። ጽሕፈት ቤት ስትሄዱ በቃል ብቻ አትንገሩ። ወረቀቱን አሳዩ። ለፋይዳ መታወቂያ ስትመዘገቡም፣ ባንክ ስትከፍቱም እንዲሁ አድርጉ።

ሦስተኛ፣ የተጻፈላችሁን ሳታነቡ ከመስኮቱ አትራቁ። «ይቅርታ፣ የእኔ በፀሐዩ ፀ ነው፤ ያስተካክሉልኝ» በሉ። ማንበብ የተማራችሁት ለዚህም ነው። ድሮ ጣት ቀለም ውስጥ ነክሮ የሄደ ሰው የተጻፈበትን አያውቅም ነበር። እናንተ ታውቃላችሁ።

አራተኛ፣ የሌሎቹን ቃላት አጻጻፍ በቤተሰብ ያዟቸው። ትምህርትን በሃሌታው ሀ ከጻፋችሁ መምህርንና ምሁርንም በእሱ ጻፉ። ጽሕፈት ካላችሁ ጸሐፊና መጽሐፍም ያው ናቸው። ሥራ ካላችሁ ሠራተኛም በንጉሡ ሠ ነው። ወራቱንም ተለማመዱ። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ። ባትይዟቸውም አትፈሩ። ዋናው ነገር በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አንዱን ቃል ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መጻፍ ነው።

እንግዲህ የተከበራችሁ አድማጮች፣ ሰዓታችን አለቀ። ለሳምንት የቤት ሥራ እንስጣችሁ። በቤታችሁ ያሉትን ወረቀቶች ሁሉ አውጡ። መታወቂያውን፣ የመሬት ደብተሩን፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ካርድ፣ የባንኩን ደብተር። ስማችሁን በየወረቀቱ ፈልጉ። ፊደል በፊደል አስተያዩ። የተለያየ ካገኛችሁ ከሰነዱ ባለቤት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ እንዲስተካከል ጠይቁ። ጎረቤታችሁ ገና ማንበብ ካልጀመሩ የእሳቸውንም አንብቡላቸው።